ሰርጉን የት እንደግስ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን። የዛሬው ርዕሳችን በየቤቱ ባልና ሚስትን፣ አባትና ልጅን ሲያነታርክ የምናየው ጉዳይ ነው። ሰርጉ የት ይሁን የሚለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ምርቱ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ አንድ ማታ ዒሻ ሰግደን ስንወጣ አንድ አባት መስጂዱ በር ላይ ጠበቁኝ። ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነው። «ሼኺ፣ ከሁለቱ በሬዎቼ አንዱን ልሽጥ ወይስ ይቅር?» አሉኝ። ሰርግና በሬ ምን አገናኛቸው ብዬ ብጠይቅ፣ ለካ የወንዱ ወገን ደብረ ብርሃን ላይ አዳራሽ ይያዝ ብሏል፤ ወጪውም ለሁለት ሊከፈል ነው። ልጅቷ ጓደኛዋ በአዳራሽ ስለተዳረች ሐሳቡን ወዳዋለች። እናትየው ግን «ልጄን አብረውኝ ያሳደጉ ጎረቤቶቼ ደብረ ብርሃን ድረስ በምን ይሄዳሉ?» ብለው አኩርፈዋል። ደነባን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የዋልካ መሬት በአንድ በሬ አይታረስም። በሬውን የሸጠ ገበሬ እርሻ ሲደርስ ጥንድ ፍለጋ የሰው ደጅ ይጠናል።

ወዲያው ይሽጡ ወይም አይሽጡ አላልኳቸውም። «በመጀመሪያ ኒካሑንና ወሊማውን እንለያቸው» አልኳቸው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ነው ቦታ ሲመርጥ የሚጨነቀው።

ኒካሕ ውሉ ነው። በአገራችን በሰፊው በሚሠራበት በሻፊዒያ መዝሀብ ለውሉ ተጋቢዎቹ፣ የሴቷ ወሊይ፣ ሁለት ታማኝ ምስክሮች፣ የመስጠትና የመቀበሉ ቃል ያስፈልጋሉ፤ መህሩም ይነገራል። ልጅቷም ትጠየቃለች። ለዚህ ሁሉ አንድ ክፍል ይበቃል። በመጋቢት መጨረሻ 2012 እ.ኢ.አ. በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ መሰባሰብ ሲከለከል ይህንን በዓይናችን አይተነዋል። ወራት ሙሉ ሲመከርበት የነበረ ሰርግ በአንድ ጊዜ ታጠፈ፤ ተጋቢዎቹ ግን ከጥቂት የቅርብ ሰዎች ጋር ኒካሐቸውን አሰሩ። ዛሬ ልጆች ወልደው የሚኖሩ አሉ። ድግስ አልነበረም፣ ጋብቻው ግን ምንም አልጎደለበትም።

ኒካሑን በመስጂድ ማሰር በብዙ ዑለማዎች ዘንድ የተወደደ ነው። በመስጂድ አድርጉት የሚለው ትእዛዝ ያለበት ዘገባ ግን በሐዲስ ሊቃውንት ዘንድ ደካማ ስለተባለ፣ በአባቷ ቤት ያሰረን ሰው ሱና ጥሷል ማለት አይገባም። የመስጂዱ ጥቅም ግልጽ ነው። ኪራይ የለውም፤ ዐስርን ሰግዶ የተቀመጠው ጀመዓ ሁሉ ሰሚ ይሆናል፤ ኒካሕ ደግሞ መታወቅ ያለበት ነገር ነው። ቪዲዮ አንሺውና እልልታው ግን ውጭ ቢቆይ መልካም ነው። ባለፈው ጊዜ አንዱ ካሜራ የያዘ ወጣት ሱና በሚሰግዱ አዛውንት ፊት ሦስት ጊዜ ሲመላለስ አይቼ ስሙን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ዛሬ ግን እዚህ አልጠራውም።

ወሊማ ደግሞ ግብዣው ነው። ቦታ የሚያስፈልገውም ለእርሱ ነው። እስቲ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ወሊማዎች በቦታቸው እንያቸው። እናታችንን ሶፊያን (ረ.ዐ.) ያገቡት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ከኸይበር ወደ መዲና ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ ነው። የቆዳ ምንጣፍ ተዘረጋ፤ ቴምር፣ ደረቅ አይብና ቅቤ ቀረበበት። ዳቦም ሥጋም አልነበረበትም። ለአንዳንዶቹ ባለቤቶቻቸው የደገሱት ደግሞ ሁለት ሙድ ገብስ ብቻ እንደነበር ተዘግቧል፤ አንድ ሙድ የመካከለኛ ሰው ሁለት እጅ አንድ ላይ ሲታፈን የሚይዘው ያህል ነው። የዘይነብ ቢንት ጃሕሽ (ረ.ዐ.) ወሊማ ከሁሉም ሰፋ ያለው ነበር። በግ ታርዶ ሰው ሁሉ ዳቦና ሥጋ ጠግቦ በልቷል፤ የተደረገው ግን በቤታቸው ነው። ያን ቀን ጥቂት ሰዎች ከበሉ በኋላ ወሬ ይዘው ተቀምጠው ቀሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተነሱ ማለት አፍረው ወጡ፣ ገቡ፤ ሰዎቹ አልተነሱም። በሱረቱል አሕዛብ 53ኛው አንቀጽ ላይ የተጋባዥ ሥርዓት የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። ቤት ውስጥ የሚደገስ ሰርግ ያን ጊዜም ይህ ችግር ነበረበት፤ ዛሬም አለበት። አዳራሽ ቢያንስ የመዝጊያ ሰዓት አለው።

ስለ ማስዋብ ደግሞ አንድ የሶሐባ ታሪክ አለ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) በልጃቸው ሰርግ አቡ አዩብ አል አንሷሪን (ረ.ዐ.) ጠሯቸው። አቡ አዩብ መጥተው ግድግዳው በጨርቅ ተሸፍኖ አዩ። ኢብኑ ዑመር አፍረው ሴቶቹ አሸንፈውን ነው አሉ። አቡ አዩብ ግን ሌላ ሰው ቢሆን እሺ፣ ካንተ ግን አልጠበቅኩም በሚል ስሜት ምግቡን ሳይቀምሱ ተመለሱ። ዛሬ ለመድረክ ጨርቅና ለፕላስቲክ አበባ የሚከፈለውን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? በነገራችን ላይ «ሴቶቹ አሸነፉን» የሚለው ምክንያት ዛሬም ወንዶቹ ሲደበቁበት እሰማለሁ። እኔ ባየሁት ግን አዳራሽ ይያዝ ብሎ የሚሟገተው ብዙ ጊዜ የወንድ አጎት ነው።

እንግዲህ ሸሪዓው ቦታን አልወሰነብንም። መንገድም፣ ቤትም፣ መስጂድም፣ አዳራሽም ይሆናል። ታዲያ በምን እንመርጣለን? ቦታ ከመፈለጋችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና የተጋባዦችን ስም ጻፉ። ከላይ የሚጻፉት ካልጠራናቸው ማንም የማይጠራቸው ይሁኑ፤ ጎረቤት ያለች ባሏ የሞተባት ሴት፣ መስጂድ የሚጠርጉት አባት፣ ቁርኣን ያስቀሩ ሼኽ፣ ምርኩዝ ይዘው የሚሄዱ አክስት። ዘመድ ከዚያ ይከተላል፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። ከዚያ ከላይ ያሉት አሥር ሰዎች በእግራቸው ወይም ብዙ ሳይቸገሩ የሚደርሱበት ቦታ የት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

አብዛኛው ሰው የሚሠራው በተቃራኒው ነው። አዳራሹን ይይዛል፤ አዳራሹ 200 ሰው ብቻ ይይዛል ይባላል፤ ከዚያ ስም መሰረዝ ይጀመራል። ማን ይሰረዛል? ሥራ አስኪያጁ አይሰረዝም። ነጋዴው አይሰረዝም። የሚሰረዙት ቅር ቢላቸውም ምንም የማያመጡት ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከምግብ ሁሉ የከፋው ሀብታም ተጠርቶ ድሃ የሚተውበት የወሊማ ምግብ መሆኑን አስተምረውናል። ስለዚህ በር ላይ ካርድ የሚቀበል ዘበኛ የሚቆምበትን ቦታ ከመያዛችን በፊት ሁለቴ እናስብ።

አሁን ወደ ዳሱ እንምጣ። ለእኛ ከተማ ሰው በግቢ ወይም በሰፈር ሜዳ ላይ ዳስ መጣል ዛሬም የተሻለው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ባህር ዛፉ በቅርብ አለ፤ ሸራውን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ድስቱንና ሳህኑን እድር ያውሳል ወይም በጥቂት ገንዘብ ያከራያል። ግን ዳስም በግዴለሽነት ከተጣለ ሰው ያስቀይማል። የመጀመሪያው ነገር መሬቱ ነው። ዋልካ በደረቁ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲነካው ጫማ ይዞ ያስቀራል። የበልግ ዝናብ በሚጠበቅበት ወቅት የምትደግሱ ከሆነ ከፍ ያለውን ቦታ ምረጡ፤ በዳሱ ዙሪያ ቦይ ቆፍሩ፤ መግቢያው ላይ ጠጠር ወይም ገለባ ይነጠፍ። ከኅዳር እስከ ጥር ከሆነ ደግሞ ጭቃው የለም፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ ከሰዓት በኋላም ነፋሱ ይነሳል። ዳሱ ጀርባውን ለነፋሱ ይስጥ፤ ግብዣውም ምሳ ይሁን እንጂ እራት አይሁን።

ስፋቱን ለመገመት ለአንድ ተቀማጭ አንድ ካሬ ሜትር ያዙ። ስድስት ሜትር በአሥራ ሁለት ሜትር የሆነ ዳስ ሰባ ሰው ያህል ያስቀምጣል ማለት ነው። 300 ሰው ከጠራችሁ በአራት ወይም በአምስት ዙር ይበላል ወይም የሁለት ጎረቤት ቤት ይጨመራል። ዙሩ ቀድሞ ካልታሰበ ቀድሞ የመጣው ጠግቦ ሲያወራ በኋላ የመጣው ፀሐይ ላይ ይቆማል።

ማብሰያው ከዳሱ ራቅ ይበል። የእሳት ፍንጣሪ በነፋስ ተወስዶ የላስቲክ ሸራ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። በዳሱ ውስጥ የሚዘረጋ የመብራት ሽቦ በሚያውቅ ሰው ይዘርጋ፤ በእርጥብ እንጨት ላይ በምስማር አይመታ። ውሃ ከዋዜማው በሮቶና በጀሪካን ይሞላ። ከዙሁር እስከ ዐስር ባለው ጊዜ ሁለት መቶ ሰው ውዱእ እንደሚያደርግ አትርሱ። መጸዳጃ ቤቱም ለሴቶች የተለየ ይኑር።

ለሶላቱም ቦታ ቀድሞ ይለይ። ከእኛ አገር መካ ወደ ሰሜን ናት፣ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ብቻ ታጋድላለች። ስለዚህ የዳሱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢሆን ምንጣፉን ሳታነሱ ረጃጅም ሶፎች ይወጡለታል። ይህንን ቀላል ነገር አስቦ ዳስ የሚጥል ሰው ግን እስካሁን ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው።

የሴቶቹ ቦታ ሌላው ነው። ብዙ ጊዜ ዳሱን ወንዶች ይይዙና ሴቶች ጭሱ ወዳለበት ጓሮ ይገፋሉ። ሦስት ቀን የጋገሩትና የወጠወጡት እነርሱ፣ ቀዝቃዛ ምግብ ቆመው የሚበሉትም እነርሱ ናቸው። መለየት ማለት ማሳነስ አይደለም። ጥሩው ክፍል፣ ጥሩው ምንጣፍ ለእነርሱ ይሁን፤ አብሳዮቹም በአንደኛው ዙር ተቀምጠው ይብሉ።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንንም ቦታ ስንመርጥ እናስባቸው። እነርሱ ሲደግሱ ለእኛ በእኛ ሰው ታርዶ፣ በተለየ ድስትና ሳህን ተለይቶ ይጠብቀናል። እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። ይህ ለሁለት የተለየ ማብሰያ፣ የተለየ ማዕድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ግቢው ጠባብ ከሆነ የጎረቤት ግቢ ይለመናል፤ እምቢ የሚልም የለም። ቀኑ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም የጾማቸው ወቅት ከሆነ ሽሮውና ምስሩ ይበዛል። በሁዳዴ ጾም የክርስቲያን ሰርግ ስለሌለ አዳራሽ በቀላሉ ይገኛል፣ በዋጋም ለመደራደር ይመቻል። ግን ጎረቤቶቻችሁ መጥተው ሥጋ እንደማይበሉ አስባችሁ ደግሱ።

አዳራሽ ሁልጊዜ ብክነት ነው የሚል ስብከት ግን ከእኔ አትጠብቁ። አዲስ አበባ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብ ዳስ የት ይጥላል? እዚያም ቢሆን በግቢው ያለውን የጋራ መገልገያ ቤት መጠየቅ ይቻላል። እርሱ ከጠበበ አዳራሽ መያዝ ነውር የለውም። የቀበሌ ወይም የትምህርት ቤት አዳራሽ ከሆቴል ይልቅ ይቀላል፣ ምግቡንም ራሳችሁ ታመጣላችሁ። አዳራሽ ለሙሽሪት እናትም እረፍት ነው። በቤት ድግስ የልጇን ሰርግ በዓይኗ ሳታይ በወጥ ቤት የምትውል እናት ብዙ ናት።

የሚያስቸግረው ሳያዩ መያዝ ነው። እኔ ራሴ የታናሽ እህቴን ሰርግ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አደርግ ብዬ በስልክ ቀብድ ላክሁ። አልኮል አይቀርብም ብለውኛል፤ አላቀረቡምም። ነገር ግን ወደ አዳራሹ የሚገባው በባሩ በኩል ነበር። ያስቀሩኝ ሼኽ በር ላይ ደርሰው ጠርሙሱን ሲያዩ «ልጄ፣ ዱዓዬን ከዚሁ ላድርግ» ብለው ተመለሱ። እኔ ኢማሙ፣ ሌላውን የምመክረው! በፊቅህ መጽሐፍት ማስወገድ የማይችሉት ሙንከር ያለበት ጥሪ ላይ ሰው መቅረት እንደሚችል እኔው ነኝ የማስተምረው። ያን ቀን ሥጋውን ማን እንዳረደውም የጠየቅሁት ምግቡ ሊቀርብ ሲል ነው።

ስለዚህ አዳራሽ የምትይዙ በአካል ሂዱና እዩ፤ ሽማግሌም ይዛችሁ ሂዱ። መግቢያው በየት ነው? ድስቱና ሳህኑ የጋራ ነው ወይስ ይለያል? እርዱን የምናመጣው እኛ ነን ወይስ እነርሱ? የሚሰገድበት ክፍል አለ? ድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠረው ማነው? ዱፍና መንዙማ ለመስማት የመጣን ሰው ሌላ ነገር እንዳያሰሙት። ክፍያው በሰው ቁጥር ከሆነ፣ ተጠርቶ የቀረውም ይቆጠራል? ልጅ ይዞ የመጣውስ? የእኛ ሰው 300 ሲጠራ ልጆቹን ጨምሮ ስለሚመጣ ሒሳቡ ከታሰበው ይበልጣል። ይህ ሁሉ በቃል ሳይሆን በውል ወረቀት ላይ ይስፈር።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚህ ጋር አስታውሱ። ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ሰርጉን ከዒድ ማግስት ያደርጋል። አዳራሹ የሚያዘው ግን በፈረንጅ ወይም በአገራችን ቀን ነው። ረመዳን 29 ይሁን 30 በጨረቃ ነው የሚታወቀው። የዒድ ማግስት ነው ብላችሁ የያዛችሁት ቀን ራሱ ዒድ ሊሆን ይችላል። ወይ ሁለት ሦስት ቀን ራቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ወይ አንድ ቀን ማሸጋሸግ የሚቻል መሆኑን ውሉ ላይ አስጽፉ።

መንገዱም የቦታው አካል ነው። በ2015 እ.ኢ.አ. ክረምት በክልላችን ግጭት ከተነሳ በኋላ ለሰርግ መንገድ የወጣ ሰው እንዴት ይመለስ ይሆን የሚለው ጭንቀት ምን እንደሚመስል አይተናል። ሰላም ሲሆንም ቢሆን ተጋባዡ በቀን ብርሃን ቤቱ የሚገባበት ቦታና ሰዓት ይመረጥ። ከአልዩ አምባና ከሸዋ ሮቢት በኩል ከቆላ የሚመጡ ዘመዶች ያላችሁ፣ እነርሱ የደጋውን ብርድ አያውቁትም፤ በነጠላ ይመጣሉ። የማደሪያ ቤትና ብርድ ልብስ ያልተዘጋጀለትን እንግዳ ለማታ አትጥሩት።

በሰርግ ወጪ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። ታጂኪስታን እ.ኤ.አ. በ2007 የሰርግ ተጋባዥን ቁጥር የሚገድብ ሕግ እስከማውጣት ደርሳለች። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሕግ የለም፤ ያለን የሽማግሌ ምክርና የአላህ ፍራቻ ነው። ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ አባካኞችን ከማን ወገን እንደቆጠራቸው የምታውቁት ነው። ሰርግ በብድር መደገስ ደግሞ ከማባከንም ይከፋል፤ አዲሶቹ ሙሽሮች ትዳርን በዕዳ ይጀምሩታል።

ወደዚያ አባት ልመለስ። ስሞቹን አብረን ጻፍን፤ እርሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ከላይ ከጻፍናቸው አሥር ሰዎች ስምንቱ ደብረ ብርሃን መሄድ የማይችሉ ነበሩ። ወረቀቱን ለልጅቷ ወስደው አሳዩዋት። እርሷም ብዙ ቆይታ፣ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ከጓደኞቿ ጋር ጥሩ ልብስ ለብሳ የምትቀመጥበት ንጹሕ ክፍል። ጎረቤት አዲስ የተሠራ ቤታቸውን ለሁለት ቀን ለቀቁላት። ኒካሑ ከዐስር በኋላ በመስጂድ ታሰረ፤ በማግስቱ ምሳው በግቢያቸው በተጣለ ዳስ ሆነ። የወንዱ ወገን በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ቤታቸው በራሳቸው ወጪ መጠነኛ ግብዣ አደረጉ።

ሁሉም ሰው አልተደሰተም። አዳራሽ ያለው አጎት አኩርፎ ሳይመጣ ቀረ፤ ሽማግሌ ልከን የታረቅነው ከሦስት ወር በኋላ ነው። አባትየውም ለድግሱ አንዲት ጊደር ሸጠዋል። ጥንድ በሬዎቹ ግን ቤት ቀሩ። ያን ዓመት ዝናቡ ሲጥል በመስጂዱ በኩል እየነዷቸው ሲያልፉ ከሩቅ አዩኝና ጅራፉን ከፍ አድርገው ሰላም አሉኝ።